የቅርስ ጥበቃ ትምህርት ለሀብታም ልጅ ብቻ አይደለም

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት እናት የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ አስቆሙኝ። ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው «ልጄ፣ ይህን አንብበኸዋል?» አሉኝ። አንብቤዋለሁ። ሰሞኑን በቴሌግራምም በፌስቡክም ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የከረመ ጽሑፍ ነው። አሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች በአማርኛ የተጻፈ ነው። ምክሩ አንድ ነው፦ ልጃችሁ «ሂስቶሪክ ፕሪዘርቬሽን»፣ ማለትም ታሪካዊ ሕንፃዎችንና ቦታዎችን የመጠበቅ ሙያ፣ ልማር ካለች አስቁሟት።

የእኚህ እናት ልጅ 12ኛ ክፍል ናት። ልማር የምትለውም ይህንኑ ነው። «እኔ የትምህርቱን ስም እንኳ የሰማሁት ከሷ ነው። አንተ ግን በዚሁ ሥራ ነው የምትተዳደረው ይሉኛል። ይሄ የጻፉት ነገር እውነት ነው?»

መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሜ የሰጠኋቸው መልስ ለራሴም አልበቃኝም። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ ጽሑፉን እንደገና አነበብኩት፤ ይህን ምላሽም ጻፍኩ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ትምህርቱ ሥራ የለውም፤ የሚማሩት ወላጆቻቸው የሚደጉሟቸው የሀብታም ልጆች ናቸው ይላሉ። መማር የግድ ከሆነ ደግሞ ስማቸው ከገነነ ሦስት አራት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ውጪ ያለው ወረቀት ብቻ ነው ይላሉ። ለዚያ አቅም የሌለው ሰው ዝቅተኛ ክፍያ ያለውን የኦንላይን ዲግሪ ፈልጎ ቶሎ ይገላገል ይላሉ። ከድንጋይና ከእንጨት ጋር የሚያውለውን ሥራ ልጅን ወደ ኋላ መመለስ ነው ብለው ይቆጥሩታል። በመጨረሻም፣ የሚጠበቀው ቅርስ የሌላ ሕዝብ ታሪክ ስለሆነ የኛ ልጆች በዚያ ምን አገባቸው ብለው ይጠይቃሉ።

ጸሐፊው ይህን ያሉት ለልጆቻችን አስበው ነው፤ አልጠራጠርም። የዕዳን ክብደት የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ግን በአብዛኛው ተሳስተዋል። የተሳሳቱበት ቦታ ደግሞ ገንዘብ የሚያስከፍል ቦታ ነው።

ሥራ የለውም ከሚለው ልጀምር። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በየቤታችን ነርስ አለ፤ የኮምፒውተር ባለሙያ አለ። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ግን የምናውቀው የለም። የማናውቀው ሥራ የሌለ ይመስለናል።

የዚህን ሥራ ምንጭ ለማወቅ ወደ 1963 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በኒውዮርክ ፔን ስቴሽን የሚባለውን ትልቅ የባቡር ጣቢያ ማፍረስ ጀመሩ። እንደ ቤተ መንግሥት ያለ ሕንፃ ነበር። ሰው ተቆጣ፤ ጣቢያው ግን ከመፍረስ አልዳነም። ቁጣው በመላ አገሪቱ ለተነሣው እንቅስቃሴ ጉልበት ሆነ። ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ኮንግረስ ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣ። የሕጉ አንቀጽ 106 አንድ ቀላል ግዴታ አለው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ወይም ፈቃድ የሚያወጣለት ሥራ በታሪካዊ ቦታዎች ላይ የሚያደርሰው ነገር አስቀድሞ መታየት አለበት።

መንገድ ሲሰፋ፣ ድልድይ ሲቀየር፣ የሞባይል ስልክ ማማ ሲተከል፣ በፌዴራል ገንዘብ አሮጌ መኖሪያ ሲታደስ፣ አንድ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት አለበት። ምን ሕንፃ አለ? መቼ ተሠራ? ማን ኖረበት? በታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ለመስፈር ይበቃል? ያንን ሰው የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት አሮጌ ቤት ስለወደደ አይደለም፤ ሕግ ስለሚያስገድደው ነው። የኔም ደመወዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሳምንት ለመንገድ ማስፋፊያ ብለው የገበሬ ጎተራ ያስለኩኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ፎቶ ሳነሣ እውላለሁ።

ሌላው የሥራ ምንጭ ግብር ነው። ገቢ የሚያስገኝ የተመዘገበ ታሪካዊ ሕንፃ ያለው ሰው በደንቡ መሠረት ካደሰው፣ ብቁ ከሆነው ወጪ 20 በመቶው ከፌዴራል ግብሩ ይቀነስለታል። ቅናሹ በ5 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። ቨርጂኒያ በበኩሏ 25 በመቶ የስቴት ቅናሽ አላት። በሚሊዮን ዶላር የሚታደስ ፋብሪካ ላይ ይህ ስንት እንደሚሆን ማስላት ቀላል ነው። ማመልከቻውን የሚያዘጋጅ፣ መስኮቱ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው በደንቡ መሠረት መሠራቱን የሚያረጋግጥ ባለሙያ የግድ ነው። ባለንብረቱ ለዚህ ሰው ደስ ብሎት ይከፍላል። በዚህ ላይ በ50ዎቹም ስቴቶች የቅርስ ጥበቃ ቢሮ አለ። ከፌዴራሉ ፕሮግራም ጋር የሚሠሩ የከተማና የካውንቲ አስተዳደሮች ደግሞ ከ2,000 በላይ ናቸው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልናገር። ደመወዙ የነርስ ወይም የሶፍትዌር ሰው ደመወዝ አይደለም፤ አጀማመሩ ዝቅ ያለ ነው። ሥራውም ከዋሽንግተን ፖለቲካ ነፃ አይደለም። ለስቴት ቢሮዎች የሚላከው የቅርስ ጥበቃ ፈንድ ምንጩ ከባሕር ዳርቻ ነዳጅና ጋዝ የሚገኝ ገቢ ነው፤ ነገር ግን መፍቀድ ያለበት መንግሥት ነው። በ2025 ገንዘቡ ሲዘገይ በተቸገሩ ቢሮዎች ሰዎች ሥራ አጥተዋል። ይህን ለልጅ ሳይደብቁ መንገር ያስፈልጋል። ደመወዙ መጠነኛ ከሆነ ታዲያ ጥያቄው «ይማሩ ወይስ አይማሩ» ብቻ ሊሆን አይችልም። «በስንት ዕዳ ይማሩ» የሚለው ይበልጣል። የጸሐፊው ሁለተኛ ምክር ልጆቻችንን ገደል የሚከተውም እዚህ ላይ ነው።

ስም ካላቸው የግል ዩኒቨርሲቲዎች ውጪ ያለው ዋጋ የለውም ይላሉ። ኮሎምቢያን፣ ፔንሲልቬኒያንና ኮርኔልን ጠቅሰዋል። ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ኮሎምቢያ በዚህ ሙያ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የድኅረ ምረቃ ትምህርት በ1964 የጀመረ ነው፤ ጀማሪው ጄምስ ማርስተን ፊች ይባላል። ክብር ይገባቸዋል። ቀጣሪው የሚጠይቀው ግን ምንድን ነው? ይህን ለመገመት አንገደድም፤ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር አለ።

ብሔራዊ ፓርኮች የሚተዳደሩበት የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የኢንቲሪየር ዲፓርትመንት፣ በ1983 ያወጣው የሙያ ብቃት መስፈርት አለ። የስቴት ቢሮዎች ይጠቀሙበታል፤ አማካሪ ድርጅቶችም ሰው ሲቀጥሩ ማስታወቂያቸው ላይ ይጽፉታል። ለምሳሌ የሕንፃ ታሪክ ባለሙያ ለመባል ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንደኛው በሕንፃ ታሪክ፣ በሥነ ጥበብ ታሪክ፣ በታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ወይም በተቀራራቢ ዘርፍ ማስተርስ መያዝ ነው፤ የአሜሪካን የሕንፃ ታሪክ የተማረ መሆን አለበት። ሁለተኛው ከእነዚሁ በአንዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ቢያንስ 2 ዓመት የሙሉ ጊዜ የሥራ ልምድ ማግኘት ነው። ለታሪክ ባለሙያም እንዲሁ፤ የታሪክ ዲግሪና 2 ዓመት ልምድ ይበቃል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ግን ማስተርሱን ማምለጥ አይችልም። አርክቴክት የሚሆን ደግሞ የሙያ ዲግሪ ወይም ፈቃድ ያስፈልገዋል።

መስፈርቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። የዩኒቨርሲቲ ስም የሚል ቃል የለበትም።

ስለዚህ የኔ ምክር ከሥራው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ ነው። ልጅቱ ምን መሆን ነው የምትፈልገው? ለዚያ ሥራ መስፈርቱ ምን ይላል? ያንን መስፈርት በትንሹ ዕዳ የሚያሟላው መንገድ የቱ ነው? ርካሽ ዲግሪ ማለት ለኔ ይህ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ከእነዚያ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች የኮሎምቢያን ብንወስድ፣ የማስተርስ ክፍያው ብቻ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር ያልፋል። ሁለት ዓመት ሲሆን 100 ሺህ አለፈ፤ የኒውዮርክ ቤት ኪራይ ገና ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ የብድሩን በር አጥብቦታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የማስተርስ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ዶላር ነው። እስከ ሙሉ ወጪው ያበድር የነበረው «ግራድ ፕላስ» ለአዲስ ተበዳሪ አይኖርም። የቀረውን ከየት ያመጣል? ከግል ባንክ፣ በአባትና በእናት ፊርማ። ይህን ዕዳ ለመክፈል ጀማሪ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ የሚያገኘው ደመወዝ አይበቃም። ጸሐፊው «የሀብታም ልጆች ትምህርት ነው» ያሉት እውነት የሚሆነው የራሳቸውን ሁለተኛ ምክር የተከተልን እንደሆነ ነው።

በአንድ ነገር እስማማለሁ። ልጅ የምትፈልገው የድንጋይን፣ የኖራን፣ የቀለምን ኬሚስትሪ ከሆነ፣ ላቦራቶሪ ያስፈልጋታል። ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የታወቀ ላቦራቶሪ አለው። እንዲህ ላለች ተማሪ የትም ይሁን አይባልም። የመረጠችው ግን ላቦራቶሪውን እንጂ ስሙን አይደለም። ያም ሆኖ ስኮላርሺፕ ካልሰጧት ሁለቴ ታስብ።

ሦስተኛው ነጥብ ርካሹን ኦንላይን ይዞ ቶሎ መገላገል ነው። ይህን ምክር እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ።

በዲቪ መጥቼ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። ሌሊት እየሠራሁ ቀን እተኛለሁ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ትምህርት ቤት አገኘሁ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በጥቂት ወራት የቅርስ ጥበቃ ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ዋጋው ደግሞ ከሁሉም ያንሳል። ከፈልኩ፤ ጨረስኩ። ከዚያ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስሄድ ከወሰድኳቸው ትምህርቶች አንዲት ክሬዲት እንኳ አልተቆጠረልኝም። ትምህርት ቤቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት የጥራት እውቅና (አክረዲቴሽን) አልነበረውም። አንድም ሕንፃ አልለካሁም፤ አንድም ሥዕል አልሣልኩም። ሥራ ስጠይቅ «የመስክ ልምድ አለህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ዝም አልኩ። ያ ገንዘብ ለኔ የሦስት ወር ኪራይ ነበር። ርካሽ ነገር እንዴት ውድ እንደሚሆን የተማርኩት ያኔ ነው።

ኦንላይን ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ልጆች እያሳደገ፣ ሥራ ይዞ ማስተርስ ለሚጨምር ሰው ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ኦንላይን መልካም ነው። ጀማሪ ግን እጁ አቧራ መንካት አለበት። በበጋ ሕንፃ የሚለካበት፣ ሰነድ የሚያገላብጥበት ትምህርት የሌለው ፕሮግራም ለጀማሪ አይሆንም።

ክፍያን በተመለከተ ደግሞ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጹ ላይ የለጠፈው ዋጋ እናንተ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ጸሐፊው ይህን ስላልነገሩን በዝርዝር ልግባበት።

እንደ ኮሌጅ ቦርድ መረጃ በ2024 እስከ 2025 የትምህርት ዓመት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አማካይ ክፍያ በዓመት 4 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በራስ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 11,600 ዶላር ገደማ፣ የግሉ ደግሞ 43 ሺህ። የፌዴራሉ ፔል ግራንት ጣሪያ 7,395 ዶላር ነው። ይህ ብድር አይደለም፤ አይመለስም። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርድ ስላለው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሞልቶ መጠየቅ ይችላል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጅ ይህ ገንዘብ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ክፍያ ሸፍኖ ለመጽሐፍና ለአውቶቡስም ይተርፋል። ብዙ ወገኖቻችን ግን ፋፍሳን አይሞሉም። «እኛን አይመለከትም» ወይም «ግብራችንን ያዩብናል» ይላሉ። ኧረ ሙሉ! መንግሥት ግብራችሁን ድሮም ያውቀዋል።

ፔል ግራንት ለመጀመሪያ ዲግሪ እንጂ ለማስተርስ እንደማይሰጥ ግን እወቁ። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሳይቸኩሉ በደንብ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መዛወር፤ የኔ መንገድ ይህ ነበር። ቨርጂኒያ ላሉ ቤተሰቦች ጥሩ ዜና አለ። በፍሬድሪክስበርግ የሚገኘው ሜሪ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ታሪካዊ ቅርስ ጥበቃን ራሱን ችሎ ያስተምራል። ይህን የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎች በአሜሪካ ጥቂት ናቸው። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸው የተወሰነ ውጤት ካመጡ የሚቀበላቸው ስምምነት ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ጋር አላቸው። ከተማው ራሱ የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዘመን ቤቶች የሞሉበት ነው፤ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ትምህርቱ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። በሳውዝ ካሮላይና የቻርልስተን ኮሌጅ፣ በሚዙሪ ደግሞ ሳውዝኢስት ሚዙሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንዲሁ የመንግሥት ናቸው፤ ሙያውንም በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራሉ።

በሌላ ስቴት የምትኖሩ «አካዳሚክ ኮመን ማርኬት» የሚባለውን ጠይቁ። የደቡብ ስቴቶች ስምምነት ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም አሉበት። በስቴታችሁ የማይሰጥ ትምህርት በሌላው ስቴት ካለና በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ከገባ፣ እንደዚያ ስቴት ነዋሪ ትከፍላላችሁ። የምዕራቡና የኒው ኢንግላንድ ስቴቶችም የየራሳቸው ተመሳሳይ ስምምነት አላቸው። በየስቴቱ ማስተባበሪያ ቢሮ አለ፤ ትምህርቱ በዘንድሮው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አንድ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስንቱ ወገናችን በእጁ ይዞት አያውቀውም። ብዙ ወላጆች በዩኒቨርሲቲዎች ይሠራሉ፤ ምግብ ቤት፣ ጽዳት፣ መኪና ማቆሚያ፣ ቤተ መጻሕፍት። በሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ሠራተኛ ለራሱ፣ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ የትምህርት ክፍያ ቅናሽ ያገኛል። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይህ የተለመደ ነው። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ደግሞ በታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ማስተርስ ይሰጣል፤ የልጅ ቅናሹ ለማስተርስም ይሠራ እንደሆነ ግን ጠይቁ። ካፌ ውስጥ ቡና የምትቀዳ እናት ልጇን የምታስተምርበት መብት በእጇ ነው ማለት ነው። የሰው ኃይል ቢሮውን መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ማስተርሱን ሥራ ይዞ መማርም ይቻላል። ቀጣሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ሲከፍል ሠራተኛው በዚያ ገንዘብ ግብር አይጠየቅም። ስለዚህ ብዙ ድርጅቶች ይህን ያደርጋሉ። እኔ በታሪክ ዲግሪዬ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ማስተርሴን በየሴሚስተሩ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ እየወሰድኩ ጨረስኩ። አራት ዓመት ፈጀብኝ፤ ረጅም ነው። ነገር ግን ስመረቅ በማስተርሱ አንድም ዶላር አልተበደርኩም ነበር። ሙሉ ጊዜ ለሚማር ደግሞ ረዳትነት አለ፤ ለመምህር ወይም ለምርምር ፕሮጀክት እየሠራ ክፍያው ይነሣለታል። የማስተርስ ፕሮግራም ስትጠይቁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ረዳትነት አገኘ?» ይሁን።

በኛ ዘንድ ሌላም ስሕተት አለ። ልጅ ተቀባይነት ስላገኘ ብቻ ቤተሰብ ወደ ሌላ ስቴት ይሄድና በመጀመሪያው ዓመት የነዋሪ ያልሆነ ሰው ክፍያ ይመጣበታል። የነዋሪነት ክፍያ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ለትምህርት ብቻ ባልሆነ ምክንያት በዚያ ስቴት መኖር ያስፈልጋል። መንጃ ፈቃድ፣ ግብር፣ የቤት ውል ይታያል። ቀድሞ ማሰብ ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ያሳዘነኝ እሱ ነው። ግንበኝነትና አናጺነት ወደ ኋላ መመለስ ነው አሉ። ጸሐፊው የላሊበላን ታሪክ ቢያስታውሱ ደስ ይለኝ ነበር። በ1950ዎቹ በተደረገ ጥገና አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። ውኃ እንዳያስገባ ታስቦ ነው። ሬንጁ ግን ድንጋዩን ጎዳው። አሜሪካ የቅርስ ሕጓን ባወጣችበት በ1966 በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራ ቡድን ሥራ ጀመረ፤ ካከናወናቸው ነገሮች አንዱ ያንን ቅብ ማንሣት ነበር። በጎንደር ፋሲል ግቢም በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና በኋላ በኖራ መተካት ነበረበት። ሁለቱም ቦታ የተጎዳው ሰው ስላልተጨነቀለት አልነበረም። የቁሱን ጠባይ የሚያውቅ እጅ ስለጠፋ ነው።

አሜሪካም ውስጥ ያው ነው። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ በኖራ ሲገነባ እርጥበቱ በኖራው በኩል ይወጣል። ጠንካራ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ውኃው ጡቡ ውስጥ ይቀራል፤ ክረምት ሲመጣ ይቀዘቅዝና የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ይህን የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘት ከባድ ነው። ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ በ1989 ቻርልስተንን ሲመታ ቤቶቹን እንደቀድሞው የሚጠግን ባለእጅ ጠፋ። ያ ችግር ነው በኋላ የአሜሪካ የሕንፃ ጥበባት ኮሌጅን የወለደው፤ ግንበኝነትና አናጺነት በዲግሪ ደረጃ ይሰጥበታል። እሱ የግል ነው፤ ዋጋው ይታሰብበት። በኦሃዮ ግን ቤልሞንት የተባለ የመንግሥት ኮሌጅ ይህን ሙያ ለዓመታት በ2 ዓመት ፕሮግራም ሲያስተምር ቆይቷል። ከኛ ሰፈር ሳይርቅ፣ ሜሪላንድ ፍሬድሪክ ውስጥ፣ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት የቅርስ ጥገና ማሠልጠኛ ማዕከል አለው። አባቱ አናጺ የሆነ ልጅ እዚህ ሙያ ውስጥ ከሌላው ቀድሞ ነው የሚጀምረው።

ገና ያልወሰነ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት በነፃ ይሞክር። የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት «ፕሪዘርቬሽን ብሪፍስ» የሚባሉ አጫጭር የጥገና መምሪያዎች በኢንተርኔት አሉ። ሁለተኛው ስለ ግንብ መጋጠሚያ ጥገና ነው፤ ዘጠነኛው ስለ እንጨት መስኮት። ልጃችሁ እነዚያን አንብባ ዓይኗ ከበራ፣ ነገሩ የምር ነው።

የመጨረሻው «የሌላ ሕዝብ ታሪክ ነው» የሚለው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪትን እናስብ። ጥቁር አሜሪካውያን ከመድልዎ ዘመን ጀምሮ ያቆሙት ሰፈር ነው። በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትር ለዓመታት ተዘግቶ ነበር፤ ታድሶ በ2012 ተከፈተ። ሊንከን ቲያትር ከ1922 ጀምሮ እዚያው ዩ ስትሪት ላይ ቆሟል። 9ኛው ጎዳና ላይ የኛ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። የተደረደሩበት ቦታ የተመዘገበ ታሪካዊ ሰፈር ነው። ዲሲ እነዚህን ሰፈሮች የምትጠብቅበት የራሷ ሕግ ከ1978 ጀምሮ አላት። ስለዚህ ሕንፃው የኛ ሰው ንብረት ሆነም አልሆነም፣ የመንገድ ፊቱን መስኮትና በር ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል።

አንድ የማውቃቸው የምግብ ቤት ባለቤት ይህን ሳያውቁ የድሮውን የእንጨት መስኮት አስነቅለው ፕላስቲክ አስገቡ። ያስገባላቸው ሠራተኛም አልነገራቸውም። እንደገና አውጥተው በእንጨት ማሠራት ነበረባቸው፤ ሁለት ጊዜ ከፈሉ። እኔ ጋ የደወሉት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ወረቀቱን በስልክ በአማርኛ ሳስረዳቸው «ይህን የሚነግረን ሰው ቀድሞ ቢኖር ምን ነበረበት?» አሉኝ። የግብር ቅናሹንም ነገርኳቸው፤ ሰምተውት አያውቁም ነበር።

እኚያ እናትና ልጃቸው ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጡ። ቡና ተፈላ። ልጅቱ ደብተር ይዛ ነበር፤ የመጣችው የስመ ጥሮቹን ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ጽፋ ነው። ስሞቹን አልሰረዝንም። ከጎናቸው ሦስት ጥያቄዎች ጻፈች፦ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ? በበጋ የመስክ ትምህርት አላችሁ? ባለፉት 3 ዓመታት የተመረቁት አሁን የት ይሠራሉ? እናቷ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ እሳቸው የሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ለሠራተኛ ልጅ ምን እንደሚሰጥ ሰኞ ጠዋት የሰው ኃይል ቢሮ ሄደው ሊጠይቁ ተስማማን። 11 ዓመት ሠርተውበታል።